ቋሚው መብሻና ጊዜያዊው ሠራተኛ

ቁጥር፦ መዝ/212
ቀን፦ መስከረም 9

ይድረስ ባሕር ማዶ ለምትገኘው ለእህቴ ልጅ

ጉዳዩ፦ የኀዘን መግለጫ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን፣ ከጤናሽ ቀጥሎ ደኅንነትሽን፣ ከሁለቱ የተረፈ ቦታ ካለ ደግሞ ደስታሽን እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ።

መሥሪያ ቤቱን በሙሉ በጥልቅ ኀዘን የመታው ዜና የሚከተለው ነው። የመዝገብ ቤታችን ወረቀት መብሻ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሥራ ገበታው ላይ እንዳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟቹ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ቀን ፈቃድ አልጠየቀም፣ አንድ ቀን አላረፈደም። የሹመቱንም የስንብቱንም ደብዳቤ እኩል ሲበሳ ኖሯል፤ ለአለቃም ለተላላኪም ሁለት ቀዳዳ ነው፣ አድልዎ አያውቅም። የመጨረሻ ሥራው የአስተዳደር ኃላፊው የውሎ አበል መጠየቂያ ነበር። አንዱን ቀዳዳ ከበሳ በኋላ ሞላው ተሰብሮ ተፈናጠረና አረፈ። ኃላፊው እስከ ዛሬ አበሉን በአንድ ቀዳዳ እየጠበቀ ነው። ከባልደረቦቹ መካከል ያለቀሰ የለም፤ ስቴፕለሩ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል።

አስከሬኑን ለመረከብ የንብረት ክፍሉ ሰው መጣ። ትልቁን መዝገብ ገልጦ ጣቱን እየጎተተ «ወረቀት መብሻ፣ አንድ፣ ቋሚ ዕቃ» ሲል አነበበ። እዚያው ቆሜ ነበር። ከሟቹ ሰባት ዓመት ቀድሜ የተቀጠርኩት እኔ እስከ ዛሬ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነኝ። የተቀጠርኩ ዕለት «መዋቅሩ ተጠንቶ እስኪያልቅ ነው» ብለውኝ ነበር። መዋቅሩ ገና እየተጠና ነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን ቢያጠና ኖሮ ሦስት ዓይነት ሐኪም ይሆን ነበር።

ነገሬን ወደ ራሴ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቂው ጥር 20 ቀን ስድሳ ዓመት እሞላለሁ፤ በማግሥቱ ወንበሩን አስረክባለሁ። ወረቀቴን አስቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ ወደ ጡረታ ቢሮው ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ አንቀጽ ሳይጠቅስ ደኅና አደርክ ማለት ስለማይሆንለት ስሙን «አንቀጽ» ብለነዋል። ኮምፒዩተሩን ሲጎረጉር ቆየና፦

«ጋሼ፣ እርስዎ አባል አይደሉም» አለኝ።

«የምን አባል?»

«የጡረታው ነዋ። በአንቀጽ ሦስት መሠረት አባል ማለት ቋሚ ሠራተኛ ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ አባል የሚሆነው ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የምርጫ ቅጽ ሲታደል ‹እገባለሁ› ብሎ ፈርሞ ከሆነ ነው። የእርስዎ ቅጽ እኛ ጋ የለም።»

ሁኔታው እንግዲህ ይህ ነው። ቅጹ በመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ጠፍቷል። እኔ በበኩሌ ተሰጥቶኝ በሥርዓቱ ሞልቼዋለሁ፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ በመንግሥት ቅጽ ላይ አንድም የሐሰት ቃል አስፍሬ አላውቅም። ካልሆነም አልሆነም። ጡረታ ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ሳላይ ስድሳ ደረስኩ፣ ሳላያትም እቀጥላለሁ።

የላክሽው የወር ገንዘብ ደርሶኛል፤ ግማሹ ለቤት ኪራይ፣ ግማሹ ለጉልበቴ ቅባት ሆኗል። እዚያ ርካሽ ከሆነ ግን በዚህ ወር በገንዘቡ ፋንታ አንድ መብሻ ላኪልኝ። ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪ። በስልክ የተነገረ ነገር ፋይል አይደረግም።

አጎትሽ

* * *

ቁጥር፦ ልብስ ማጠቢያ/1 (ቁጥር ያልኩት እርስዎን ደስ ይበልዎ ብዬ ነው)
ቀን፦ ጥቅምት 12

ለውድ ጋሼ

ከራስ ጠጉርዎ እስከዚያ መከረኛ ጉልበትዎ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሟቹን ነፍስ ይማር። ምትኩን በጥቅል ልኬያለሁ። ገበያው ላይ አራት ቀዳዳ የሚበሳም ነበረ፤ መሥሪያ ቤትዎን እንዳላስደነግጥ ብዬ ባለ ሁለቱን መረጥኩ። የወሩንም ገንዘብ አብሬ ልኬያለሁ፣ በፋንታው የሚባል ነገር አላውቅም።

እኔ ደኅና ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ስለሆነ ፀሐይን የማያት በምሳ ሰዓት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። በቀን ሁለት ሺህ አንሶላ እናጥፋለን፤ እኔ አንዱን ጫፍ፣ «ካውያ» የምንላት ሴትዮ ሌላውን። አንሶላ ስናጣጥፍ ሃያ ጊዜ እንቀራረብና ሃያ ጊዜ እንለያያለን፤ ስለዚህ ወሬዋን ቁርጥራጩን ነው የምሰማው። ስለ እርስዎ ስነግራት «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጊዜያዊ?» ብላ አንሶላውን ለቀቀችው። ወለሉ ላይ ስለወደቀ እንደገና ታጥቧል። የእርስዎ ጉዳይ እዚህም ሥራ አብዝቷል ማለት ነው።

አሁን የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። እኔም ቅጽ ተሰጥቶኛል። እዚህም የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ ጡረታ አለው፤ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሳይጠየቅ አባል ይሆናል፣ እንደ እኔ ከሙሉ ሰዓት በታች የሚሠራ ግን እስከ ጥር 15 ድረስ «እገባለሁ» ወይም «አልገባም» ብሎ መፈረም አለበት። ዝም ያለ እንደ እምቢ ይቆጠራል፤ እምቢ ያለም ወደፊት መመለሻ የለውም። ከገባሁ ከደሞዜ ከመቶ ስድስት ይቆረጣል። ሳሰላው ያ ስድስት በየወሩ ለእርስዎ የምልከው ነው፤ ሳንቲም አይተርፍም። ስለዚህ «አልገባም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ልመልስ ነው። ጡረታ ለመውጣት ገና ሠላሳ ዓመት አለኝ። የእርስዎ ቤት ኪራይ ግን ያለው ሠላሳ ቀን ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከቅር ባይነት ሳይሆን ከመገረም ነው። ቅጹ በመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ጠፋ ብለውኛል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት የሚያስቀምጠው ማን ነው? መዝገብ ቤት። መዝገብ ቤቱስ ማን ነው?

አክባሪዎ

* * *

ቁጥር፦ መዝ/213
ቀን፦ ጥቅምት 27

ይድረስ ለእህቴ ልጅ

ጉዳዩ፦ ጥብቅ ማሳሰቢያ

ሰላምታዬን ከማሳሰቢያው በኋላ ታገኚዋለሽ።

«እገባለሁ» ብለሽ ፈርሚ። በጥቁር ብዕር፣ በግልጽ ፊርማ፣ ቀን ጽፈሽ። እንዳትሰርዢ፣ እንዳትደልዢ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው። ሰው ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ብሎ የሚፈርመው እምቢታ መጨረሻው ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ፤ አንቺ ከማያውቁት ወገን ሆነሽ እንድትቀሪ እፈልጋለሁ። የእኔን የወር ገንዘብ ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው። ሳትልኪ የምትቀሪበትን ወር «ደርሶኛል» እያልኩ እፈርምልሻለሁ፤ ስለ ደረሰኝ አትጨነቂ።

ሰላምታው ይኸው፦ ጤና ይስጥልኝ።

ለእኔ አታስቢ። ከጡረታ በኋላ የማደርገውን አቅጄዋለሁ። ከፍርድ ቤቱ በር ትይዩ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አቤቱታ የሚጽፉት እዚያ ያሉት ሦስቱ ሰዎች «ክቡር» እና «ክቡርነትዎ» የት እንደሚገባ አያውቁም፤ ገበያው ባዶ ነው ማለት ነው። ጉልበቴ ደግሞ የሚያመኝ ስሄድ እንጂ ስቀመጥ አይደለም።

ወደ ጡረታ ቢሮው ግን ዳግመኛ ሄጃለሁ፣ ነገሩን ለመዝጋት ያህል። አንቀጽ ወንበር አቀረበልኝ። ወንበር ሲቀርብልሽ ጉዳይሽ እንዳበቃለት እወቂ፤ ጉዳዩ የሚሳካለት ሰው ቆሞ ነው የሚጨርሰው።

«ጋሼ፣ ቅጹ ጠፍቷል ካሉ» አለኝ፣ «በአንቀጽ አሥራ ስድስት መሠረት እርስዎ ያልተጠየቀ ሠራተኛ ነዎት።»

«ተጠይቄ መልሻለሁ እኮ።»

«ቅጽ የሌለው እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል። ያልተጠየቀ ደግሞ አቤት ማለት አይችልም፤ በምን ጉዳይ ብሎ?»

ልጁ ክፉ አይደለም። ሲሸኘኝ በሩን ከፍቶ ያዘልኝ፤ የትኛው አንቀጽ እንደፈቀደለት አልነገረኝም። ስመለስ በመንገድ ላይ ሳስበው የሚያስከፋም ነገር አጣሁበት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሁሉ ጥያቄ በእኔ እጅ አልፎ ሲገባ፣ የሰው ሁሉ መልስ በእኔ እጅ አልፎ ሲወጣ፣ እኔ ራሴ ያልተጠየቅሁ ሆኜ ተገኘሁ። ለፖስታ ሳጥን ማን ደብዳቤ ይጽፍለታል?

መብሻው ደርሷል። የንብረት ክፍሉ ሰው ሳይመዘገብ አይሠራም ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ እኔና መብሻው ተፋጠን እንውላለን።

ስለ መዝገብ ቤቱ የጠየቅሽው ጥያቄ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።

አጎትሽ

* * *

ቀን፦ ኅዳር 11

ለውድ ጋሼ

እኔም ሰላምታዬን ከጠቡ በኋላ አደርገዋለሁ፤ ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት።

የሚመለከተው ክፍል እርስዎ ነዎት። እናቴ ሞታ እርስዎ ቤት ስገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ በቁራጭ ወረቀት «ጋሼ እርሳስ አልቆብኛል» ብዬ ጽፌ ትራስዎ ላይ ባስቀምጥ፣ ጠዋት ወረቀቱ «ታይቷል፣ ተፈቅዷል» የሚል ተጽፎበት፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ከእርሳሱ ጋር አገኘሁት። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ዛሬም እርስዎ ጋ አለች። ባለፈው ዓመት ፎቶ አንስተው ልከውልኛል፣ እስከነ ፋይል ቁጥሯ። የእርሳስ ጥያቄ ሃያ ዓመት ያስቀመጠ ሰው የራሱን የጡረታ ቅጽ ጣለ ብለው ለሌላ ሰው ቢነግሩት ያምናል። እኔ ግን በእርስዎ እጅ ነው ያደግሁት።

«ለሌላ ብሎ የሚፈርመው እምቢታ» ብለው ጽፈዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማን ነው ለሌላ ብሎ እምቢ ያለው? የሰማሁት ታሪክ ስለ ጠፋ ቅጽ እንጂ ስለ እምቢታ አልነበረም።

የእኔ ቅጽ አልተፈረመም። ከማድረቂያው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሙቀቱ ጫፉን እየጠቀለለው ነው። ካውያ በየቀኑ «ፈረምሽ?» ትለኛለች። «ጡረታ እንደ ጥርስ ነው፣ ሲኖር ማንም አያስበውም» ትላለች፤ እሷ ሁለቱም አላት። እኔም «አጎቴ መልስ ሲሰጠኝ» እላታለሁ። እርስዎ እውነቱን ካልነገሩኝ አልፈርምም። የመጨረሻው ቀን ጥር 15 ነው፤ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ቀሪውን እርስዎ ያስሉት።

ሌላ የምለምንዎት ገንዘብም ዕቃም አይደለም። የእናንተን የጡረታ ደንብ መጽሐፍ ይላኩልኝ። ሰላምታዬም ይኸው፦ ደኅና ይዋሉ፣ ደኅና ይደሩ፣ ሲሄዱም በአውቶቡስ ይሂዱ።

አክባሪዎ

* * *

ቁጥር፦ መዝ/214
ቀን፦ ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ

ጉዳዩ፦ የደንብ መጽሐፍ ስለ መላክ

በኅዳር 11 ቀን የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶናል። የጠየቅሽው የደንብ መጽሐፍ 48 ገጽ ሆኖ ከዚህ ጋር ተያይዞ ተልኳል። እኔ አላነበብኩትም። የመዝገብ ቤት ሰው ወረቀት ያስቀምጣል እንጂ አያነብም፤ ያነበበ ዕለት መዝገብ ያዥነቱ ቀርቶ ሐሜተኛ ይሆናል። ይህን ሕግ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልጣስኩም።

ሌላው ጉዳይ በመጠናት ላይ ነው።

መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው ተብሎ ይወሰድ።

አጎትሽ

* * *

ቀን፦ ታኅሣሥ 20

ለውድ ጋሼ

«በመጠናት ላይ ነው» የሚለው ለእርስዎም ለእኔም የሚያስፈራ ቃል ነው። መዋቅሩንም እንዲሁ ብለውት ነበር።

መጽሐፉን አነበብኩት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሉኝ እንጂ፣ ይህን ሁሉ ዘመን መደርደሪያዎ ላይ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚል ልንገርዎት። ካውያም አብራኝ ነበረች። እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ፣ አንሶላው በመካከላችን እንደተዘረጋ ይቀራል፤ አለቃችን ሁለት ጊዜ ተቆጥቶናል።

አንቀጽ አሥራ ስድስትን ያ «አንቀጽ» የሚሉት ልጅ በትክክል ነግሮዎታል፤ ቅጽ የሌለው አቤት አይልም። ነገር ግን ሁለት አንቀጽ ወደ ኋላ ቢመለስ ምን ነበረበት? ሊመለስም አይችልም ነበር፤ እርስዎ «ጠፋ» ብለውታልና። አንቀጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «በጽሑፍ አልገባም ያለ ጊዜያዊ ሠራተኛ ስድሳ ዓመት ከመሙላቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እምቢታውን ማንሳት ይችላል። ሲያነሳም ቅጹን ከሞላበት ዕለት ጀምሮ አባል እንደነበረ ይቆጠራል፤ ያልከፈለው መዋጮ ከጡረታው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል።»

ገባዎት ጋሼ? ቅጹ የጠፋበት ሰው ምንም የለውም። እምቢ ያለ ሰው ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ጡረታ አለው። የሚያሳየው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በእኛ በኩል እንዲህ ዓይነት ምሕረት የለም፤ እዚህ እምቢ ማለት እምቢ ነው።

አንቀጽ አሥራ አምስት ደግሞ ያቺ ወረቀት የት እንዳለች ይናገራል። «የእገባለሁ ቅጾች ለጡረታ ቢሮ ይላካሉ፤ የአልገባም ቅጾች በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ይቀመጣሉ።» እንግዲህ እንዲህ ያለ ቅጽ ኖሮ ቢሆን፣ እርስዎ ከሚቀመጡበት ወንበር ሦስት እርምጃ አይርቅም።

ቢሆን ነው ያልኩት፤ እኔ ምንም አላውቅም። የማውቀው ቅጹ የታደለበትን ወር ብቻ ነው፣ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ከድልድዩ ማዶ ያለው ደኅናው ትምህርት ቤት የገባሁት በዚያው ወር ነው። በየወሩ መጀመሪያ የአውቶቡስ ትኬቴ በደብተሬ ውስጥ ይገኝ ነበር። እርስዎም ከዚያ ወር ጀምሮ በእግርዎ መሄድ ጀመሩ። «ሐኪም አዞኛል» አሉኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ስለነበር አመንኩ። ዛሬ ሆስፒታል ነው የምሠራው ጋሼ። በቀን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የሚያዝ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌላ አልጨምርም። ጥር 20 ስድሳ ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ አንቀጽ አሥራ አራት ተራ ጽሑፍ ነው። የእኔም ቅጽ እስከ ጥር 15 ከማድረቂያው በላይ ይጠብቃል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንደሚባለው ሆነናል፤ አንዳችን ካልፈረመ ሁለታችንም እዚያው እንቀራለን።

ጉልበትዎን በሙቅ ውኃ ያሹት። አሁን በማን ምክንያት እንደታመመ ስላወቅሁ ያሳስበኛል።

አክባሪዎ

* * *

ቁጥር፦ መዝ/215
ቀን፦ ጥር 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ

ጉዳዩ፦ የጥናቱን ውጤት ስለ ማሳወቅ

ጤና፣ ዕድሜ፣ ደረቅ አየር ያለበት የሥራ ክፍል ይስጥሽ። ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ነው የተላከው፤ ዋጋውን ስሰማ ቁጭ ብዬ ነው የከፈልኩት።

ደብዳቤሽ ከወትሮው ጥቂት ቀን ቀድሞ ሐሙስ ደረሰኝ። ሌላው ሰው እስኪወጣ ቆየሁና ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ልክ ነሽ፣ ሦስት እርምጃ ነው። ከላይኛው ረድፍ በግራ በኩል «አልገባም ያሉ ሠራተኞች» የሚል አቃፊ አለ። ቅጹ ሲታደል አርባ ሦስት ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበርን። አርባ ሁለቱ እገባለሁ አሉ። በአቃፊው ውስጥ ያለው ወረቀት አንድ ነው። በየዓመቱ ቆጠራ ሲደረግ «አቃፊ፣ አንድ፣ ወረቀት፣ አንድ» እያልኩ ለአሥራ ስድስት ዓመት አስረክቤዋለሁ፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ለምን ጠፋ እንዳልኩ ትጠይቂያለሽ። አንደኛ፣ እምቢ ያለ ሰው ተመልሶ መለመኑ ነውር መሰለኝ። የማላነበው መጽሐፍ ውስጥ መመለሻ መንገድ መኖሩን በምን አውቄ? ሁለተኛው ይበልጣል። ለልጅ የተደረገ ነገር ለልጁ የተነገረ ዕለት ዕዳ ይሆናል። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ደብዳቤ ሲጽፍ እጁ ይታሰራል፤ አንቺ እንደልብሽ እንድትሳደቢኝ ነው የፈለግሁት። ብዙ ተሳክቶልኛል።

ዓርብ ጠዋት ቅጹን ይዤ አንቀጽ ዘንድ ቀረብኩ። ወንበር ሊያቀርብ ሲነሳ «አልቀመጥም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጠፋ አላሉም ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር።»

«የት ተገኘ?»

«ካስቀመጥኩበት።»

ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ወረቀቴ ፊቴ ሲነበብ ቆሜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰው ፊት ራቁትን እንደ መቆም ያለ ነገር አለው። «‹ምርጫ፦ አልገባም።› ጥሩ። ‹ምክንያት፦ የአውቶቡስ ወርሃዊ ትኬት።›» ቀና ብሎ አየኝ። «ይኼ ምክንያት ነው?»

«በጊዜው ነበር።»

«አንቀጽ አሥራ አራት ምክንያት አይመርጥም፤ ይሁን» አለና ወደ ታች ማንበቡን ቀጠለ። ከዚያ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ችግር አለ። ‹በሠራተኛው የሚተዳደር ቤተሰብ› በሚለው ላይ ‹ልጅ፣ አንድ› ብለው ሞልተዋል። የግል ፋይልዎ ግን ‹ያላገባ፣ ልጅ የሌለው› ይላል። በአንቀጽ ሃያ መሠረት ሐሰት ያለበት ቅጽ ዋጋ የለውም። የቱን ልቀበል?»

መስመሩን ረስቼው ነበር ብል አታምኚኝም፤ እኔም ራሴን አላምንም። ያን ጊዜ ስሞላው በቅጹ ላይ «ልጅ»፣ «ሚስት»፣ «ወላጅ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ብቻ ነበሩ። «የእህት ልጅ» የሚል ሳጥን የለም። እናትሽ ከመሞቷ በፊት እጇን ይዤ ቃል ገብቼላት ነበር፤ «እናትነትሽን አልቀማሽም፣ ልጅሽ ‹የእህቴ ልጅ› እየተባለች ታድጋለች» ብያታለሁ። ጠብቄዋለሁ። አንድም ቀን በአፌ ሌላ ብዬሽ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ብቻዬን ነበርኩ፣ ብዕሩም በእጄ ነበር።

አንቀጽ ጠበቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ አንቀጽ አልጠቀሰም።

«ቅጹን ተቀበል» አልኩት። «የግል ፋይሉን ነው ማስተካከል ያለብህ።»

«ልጅ አለዎት?»

«አለችኝ።»

«ምን ትሠራለች?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ሆስፒታል።»

«አባል ናት?»

«ናት» አልኩት። እንግዲህ ከመንግሥት ፊት የሰጠሁት ቃል ነው። ሐሰተኛ ሆኜ እንዳልገኝ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ሰዓት ከማድረቂያው በላይ ያለውን ቅጽ አውርጂ፣ ጫፉን አቅኚና ፈርሚ። ካውያ ምስክር ትሁን።

ውጤቱን ላሳውቅሽ። እምቢታዬ ተነሥቷል። የአባልነት ቁጥር ተሰጥቶኛል፤ ስድሳ እስክሞላ ድረስ ለአሥራ ስምንት ቀን ያህል የሙሉ አባልነትን ክብር አጣጥማለሁ። የሚቆጠርልኝ አሥራ ስድስቱ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን አሥራ ሦስቱን መዋቅሩ በልቷቸዋል፤ አቤት የሚባልበት አንቀጽ የለም፣ ፈልጌያለሁ። አዎ፣ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። አርባ ስምንቱንም ገጽ። ሐሜተኛ ሆኜ ጡረታ እወጣለሁ። መዋጮው ተቀንሶ የሚደርሰኝ የቤት ኪራዩን ይከፍላል፤ ለቅባቱ ጃንጥላው ሥር እቀመጣለሁ። ስለዚህ የምትልኪውን አቁሚ የሚለው ማሳሰቢያዬ በሥራ ላይ ይቆያል።

መብሻው በመጨረሻ ተመዝግቧል። የግዢ ሰነድ ስለሌለው በቋሚነት ሊያዝ አልቻለም፤ በጊዜያዊነት ነው። የበሳው የመጀመሪያ ወረቀት የእኔ የአባልነት ደብዳቤ ነው። እጀታውን ስጫነው ለአፍታ እምቢ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሁለቱንም በስቷል። ቅጽ ሲመጣለት «እገባለሁ» እንዲል መክሬዋለሁ።

አጎትሽ

እርማት

በቁጥር መዝ/212 መስከረም 9 ቀን በተጻፈው ደብዳቤ «ቅጹ በመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ጠፍቷል» የተባለው «ቅጹን መዝገብ ያዡ ደብቆታል» ተብሎ ይነበብ። በዚሁ ደብዳቤ «በሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ በመንግሥት ቅጽ ላይ አንድም የሐሰት ቃል አስፍሬ አላውቅም» የተባለውም ሲጣራ ትክክል ሆኖ አልተገኘም፤ በአንድ ቅጽ፣ በአንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ሰፍሯል። ቃሉም «ልጅ» የሚል ነው። ይህ እርማት የሚመለከተው ደብዳቤውን ብቻ ነው። ቅጹ እንደተሞላ ይጸናል።